ጨለማ የበላው ሰማያዊ

ቀለም ላይ የሰው ቃል አልቀበልም ነበር። ሰው ያስታውሳል፤ ትዝታ ደግሞ እንደ ስቱኮ ነው፣ ቀዳዳ ባየበት ሁሉ ይሞላል፣ ከላይ ከለሰለሰ በኋላ ማን ያውቅበታል። የምቀበለው የብረቱን ቃል ነበር። ውሃ የነካ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይዤ አንድ ቦታ ላይ በክብ በክብ እፍቃለሁ። የላይኛው ቀለም ይሳሳል፣ ከሥሩ ሌላው ብቅ ይላል፣ ከዚያ ሌላው፣ እስከ ብረቱ ድረስ። ስጨርስ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ክብ በክብ ሆነው ይታያሉ፤ የዳሩ የትናንቱ ነው፣ የመሐሉ የፋብሪካው።

ይህን ማንም አላስተማረኝም። ከሠራዊት ወጥቼ ቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን የያሪቭ ጋራዥ ነበር። ያሪቭ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የሞላቸውን የጭነት መኪኖች የሚያድስ ሰው ነው። በምሳ ሰዓት እየሄድኩ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን ሦስት ሰዎች አንድ ቀይ ኮፈን ከበው ሲከራከሩ፣ «የጎደለው ጥቁር አይደለም፣ ቡኒ ነው፤ የጥፍር ያህል» አልኳቸው፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ሞከሩት፣ ገጠመ። በወሩ ካርቶኑን ትቼ የያሪቭ ቀለም አዋቂ ሆንኩ። የቀረውን ከስልኬ፣ ከቆርቆሮ ጀርባ ጽሑፍና ካበላሸሁት ሥራ ተማርኩት። በአምስት ዓመት አንድም ቀለም ተመልሶብኝ አያውቅም። ዲፕሎማ ያላቸው ሰዎች ሲሳሳቱ ሳይም ደስታዬን አልደብቅም ነበር።

አባቴን እዚያ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የዶሮ ፋብሪካው ቅዝቃዜ ወገቡን ሲጨርሰው፣ ያሪቭን «መፋቅ ይችላል፣ መጥረግ ይችላል፣ አያስቸግርም» አልኩት። ልክ እንዲህ ነው ያልኩት፤ አሮጌ ፍሪጅ እንደሚሸጥ ሰው። ቤት ውስጥ ለእሱ ውብዳር ነኝ፣ መታወቂያዬ ላይ ሊያን። እሱ ቤት ውስጥ አባዬ ነው፣ ጋራዡ ውስጥ ግን ቢረሳው እለው ነበር። እዚህ አገር አለቃም በስሙ ነው የሚጠራው፣ ሥራ ሥራ ነው፣ እያልኩ ለራሴ አሳምሬ አስረድቻለሁ። በያጁ ማኦር ግን «ጋሽ ቢረሳው» ይለዋል። ማኦር ቂርያት ማላኪ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛው ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ቋንቋ ይቀይራል። «ጋሽ»ን ግን አልጣላትም። የጣልኳት እኔ፣ የገዛ ልጁ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ የዚህ አገር በጋ ሲገባ፣ ታሊ የአባቷን መኪና ስታመጣ ነው። ታሊ የገዴራ ሴት ናት፣ ዕድሜዋ ወደ ሰባ ይጠጋል። አባቷ ሽሎሞ በዚያ መኪና ብርቱካን ከገዴራ እየጫነ ያቭኔ ማሸጊያ ያደርስ ነበር። እሱ ሲሞት መኪናው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሞ ዶሮ አደረበት። ላዩ ነጭ ነው፣ ከነጩ ሥር የወታደር አረንጓዴ፣ ከዚያ ሥር ቡኒ። በመከር፣ ከበዓላቱ በኋላ፣ ያቭኔ ውስጥ የአሮጌ መኪኖች ቀን አለ። ታሊ አባቷ ይመላለስበት በነበረው መንገድ ራሷ ነድታ እዚያ ልታቆመው ነው ሐሳቧ።

«ሰማያዊ ነበር» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ጋቢናው ውስጥ አጠገቡ ያስቀምጠኛል። በሩና ሰማዩ አይለዩም ነበር።»

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ስድስት።»

«የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ጥሩ ነው» አልኳት። «የብረቱ ግን ይበልጣል። እኔ የምሰጥሽ ብረቱ ያለውን ነው።»

ሳቀች። «ያላ፣ በይ እንግዲህ ብረቱን ጠይቂልኝ። ቤቱን ሸጠነዋል፣ ልብሱን ሰጥተነዋል፤ የቀረኝ ይህ ነው። ቆንጆውን አይደለም የምፈልገው፣ የእሱን ነው።»

ብረቱን ጠየቅኩት። የጋቢናውን ወንበር አስነስቼ ከሥሩ ፋቅሁ፤ ከፍጥነት መቁጠሪያው ጀርባ ፋቅሁ፤ በበሩ ማጠፊያ ውስጥ ፋቅሁ። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ፀሐይ ያላያቸውን ቦታዎች መርጬ ማለት ነው። ሁሉም አንድ ነገር አሉ፦ ሰማያዊ አይደለም፣ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ነገር ነው፣ የቆየ ጠርሙስ ዓይነት። ደስ አለኝ። የታሊ ትዝታ ሲሳሳት ስለያዝኩት ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

ያሪቭንና ሌሎቹን ጠርቼ ሳሳይ አባቴም መፋቂያውን ይዞ መጣ። አጎንብሶ ወንበሩ ሥር አየ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ቀለሙን ነካው፣ ከዚያ በቀስታ፣ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ፦

«ውብዬ፣ ይኼ ጨለማ የበላው ነው።»

የብርጭቆ ወረቀቴን አጠፍኩ።

«የዘይት ቀለም ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ቢጫ ያወጣል። ሰማያዊ ላይ ቢጫ ሲወጣ ያው አረንጓዴ ነው። ፀሐይ ይምታው እስቲ፣ ይመለሳል። ጎንደር ጋራዥ እያለሁ...»

ጎንደር ስትነሳ ሁልጊዜ ጆሮዬ ይዘጋል። በአማርኛ መመለስ እችል ነበር፤ በሁለታችን መካከል ይቀር ነበር። በዕብራይስጥ መለስኩለት፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«ቢረሳው፣ ቀለም ፀሐይ ላይ ይለቃል እንጂ አይመለስም። የምናሰጣው በርበሬ አይደለም።»

ያሪቭ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ማኦር አልሳቀም፤ የብየዳ መነጽሩን ወደ ፊቱ ጎተተና ወደ ሥራው ዞረ። አባቴ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው የታወቀ ነው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስንሄድ፣ ጸሐፊዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቃል በቃል ስትነግረው የሚያወጣው ነው።

«ቤሰደር» አለ። እሺ ማለቱ ነው። ወደ ፍቀቱ ተመለሰ።

የወንበሩ ብረት አንድ ጎኑ ዝጎ ስለነበር ማኦር ቆርጦ ጣለው። አባቴ ከወደቀው ላይ መዳፍ የሚያህል ቀለም ያለው ቁራጭ አንስቶ ኪሱ ሲከት አየሁት። ቤታችን ቂርያት ማላኪ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በማግሥቱ ያ ቁራጭ በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ከልብስ ማስጫው አጠገብ ተቀምጧል፣ ግማሹ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ። ልጥለው አነሳሁት።

«ተዪው» አለኝ ከውስጥ።

«ደግሞ ቆሻሻ ከሥራ ወደ ቤት ማምጣት ጀመርክ?»

«ቦታ አልያዘብሽም። ተዪው።»

ተውኩት። ብዙ ሳምንት ካልሲ ከጎኑ እየሰቀልኩ አላየሁትም።

ቀለሙን ያስቀመምኩት ያቭኔ ነው። እዚያ ዴቪር የሚባል ቀለም ሻጭ አለ፤ ቀለም አንብቦ ቅመሙን የሚናገር ማሽን ገዝቷል፣ በማሽኑም ይመካል። ማሽኑን ከናሙናዬ ላይ አሳረፈው፣ ቁጥር አወጣ። አየሁና «ማሽንህ መነጽር ያስፈልገዋል» አልኩት። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፣ በአራተኛው ራሴ ጠብታውን ቆጠርኩ። ሲደርቅ ከናሙናው ጋር አስተያየነው፤ መለየት አልቻለም። ዴቪር እጁን አነሳ። አባቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ በሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ቆርቆሮዎቹን ሊሸከም ነው የመጣው።

«ይህ ማን ነው፣ አዲስ ሰው?» አለ ዴቪር።

«ከእኛ ጋር ነው የሚሠራው» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። እስካሁን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ብዋሽ ኖሮ ቢያንስ መዋሸቴን አውቀው ነበር። አባቴ ዕብራይስጥ አይናገርም እንጂ ይሰማል፤ ሁለት ቆርቆሮ በሁለት እጁ አንስቶ «ሻሎም» ብሎ ወጣ።

መኪናው በነሐሴ አለቀ። አባቴ ፋቀ፣ አባቴ ስቱኮውን አለሰለሰ፣ አባቴ ቀለሙን በዱላ አማሰለ፣ እኔ ረጨሁ። መስታወት ነበር። ያሪቭ ፎቶ አንስቶ አሮጌ መኪና ለሚሰበስቡ ደንበኞቹ ላከ፣ በአድናቆት ተንጫጩ፤ «የሊያን ዓይን» ብሎ ጻፈ ከሥሩ። ያን ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልናገርም።

ታሊ ሐሙስ ከቀትር በኋላ መጣች። ሁላችንም ሥራ አቁመን ቆመን ነበር፤ ባለቤት መኪናውን መጀመሪያ ሲያይ ማየት እንወዳለን፣ አብዛኛው ያለቅሳል። ታሊ አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ዞረችው። በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ድምፁን ሰማች፣ በእሱ ፈገግ አለች። ከዚያ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ቆንጆ ነው» አለች።

መዳፏን አነሳች።

«የአባቴ አይደለም።»

እኔ ተናገርኩ። ስለ ንብርብሩ፣ ስለ ወንበሩ ሥር፣ ፀሐይ ስላልነካው ቦታ። ናሙናውን አመጣሁ፣ ከበሩ ላይ ለጠፍኩት፤ አንድ ናቸው። ድምፄ እየጨመረ እንደነበር አሁን ነው የሚታወቀኝ። ታሊ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ምናልባት አንቺ ነሽ ልክ» አለች። «እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ግን አረንጓዴ ነው፣ ልጄ። አባቴ አረንጓዴ አልነዳም።»

ያሪቭ ደንበኛ ሲከፋበት አይወድም፤ ቶሎ ብሎ መሐል ገባ። «ቅመሙ ትክክል ነው፣ በሊያን ሥራ አልጠራጠርም። ሲማሰል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮው ሥር የሚዘቅጥ አለ፣ ካልተነሳ ቀለሙ ይዞራል። ማን ነው ያማሰለው?»

ማን እንዳማሰለ ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። ያሪቭ የተናገረው ነገር ሊሆን እንደማይችል እኔ አውቃለሁ፤ የደረቀው ቀለም ከናሙናዬ ጋር አንድ ነው፣ አሁን ከበሩ ላይ ለጥፌ ያሳየሁት ነው። ስህተት ካለ የእኔ ነው እንጂ የዱላው አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

አባቴ እኔን አየኝ። ረጅም አይደለም፤ መንገድ ከመሻገር በፊት መኪና እንደሚያዩት ያህል። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«አኒ» አለ። እኔ ነኝ ማለቱ ነው። «አኒ። ስሊሓ።»

ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ናሙናውን ከበሩ ላይ አነሳሁና ኪሴ ከተትኩት።

ታሊ ወደ እሱ ሄዳ ክንዱን ነካችው። «ምንም አይደለም» አለችው፣ በጣም በቀስታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። «ይሆናል። ምንም አይደለም።»

ያሪቭ ክፉ ሰው አይደለም። አባቴን አልጮኸበትም። ከቀለም ክፍል አውጥቶ ግቢ ማጠብ ላይ አደረገው፣ «ነገሩ እስኪረጋጋ» አለ። ማኦር በአጠገቤ ሲያልፍ፣ በዚያ ግማሽ ግማሽ በሆነው አማርኛው፣ «ኮል ሐካቮድ ላንቺ» አለኝ። ሰው ጎበዝ ሲሆን የሚባል ነው።

ወደ ቤት የምንሄደው በእኔ መኪና ነው፣ አሥር ደቂቃ መንገድ። ቀበቶውን አሰረ፣ የምሳ ዕቃውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም፦

«ለምን እኔ ነኝ አልክ?» አልኩት። በቁጣ ነው የጠየቅሁት። ተበዳይዋ እኔ እሆን ዘንድ ፈልጌ ይሆናል።

«አንቺ ስም አለሽ» አለ። «እኔ መጥረጊያ ነው ያለኝ። መጥረጊያ አይበላሽም።»

«አንተ እንዳልሆንክ እያወቅህ?»

«አንቺስ አታውቂም?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ ጥሩንባ ነፉብኝ።

በማግሥቱ ዓርብ ነው፣ ሥራ የለም። እናቴ የሰንበት ምግብ ላይ ነበረች፣ አባቴ ምኩራብ ሄዷል። ልብስ ላነሳ በረንዳ ወጣሁ። የሰቀልኩትን አንሶላ ስጎትት ያ ቁራጭ ብረት ወድቆ እግሬ ሥር መጣ። ፕላስተሩ በአንድ ወገን ተላቆ ተንጠልጥሏል። አነሳሁትና የቀረውን ላጥኩት።

ፕላስተሩ የሸፈነው ግማሽ የእኔ ቀለም ነው፤ የጠርሙሱ አረንጓዴ፣ በአራት ሙከራ ያገኘሁት። ፀሐይ የመታው ግማሽ ሰማያዊ ነው። ለቆ አይደለም፣ ነጥቶ አይደለም። ንጹሕ፣ የጠዋት ሰማያዊ። በመካከላቸው በቢላ የተቆረጠ የመሰለ መስመር። አንድ ቀለም ነው፣ አንድ ብረት ላይ፣ አንድ ቀን የተቀባ።

ብረቱን ቀና አድርጌ ከሕንጻዎቹ በላይ ካለው ሰማይ ጋር አስተያየሁት። የስድስት ዓመቷ ልጅ ልክ ነበረች።

ስልኬን አወጣሁ። የዘይት ቀለም ጨለማ ውስጥ ቢጫ እንደሚያወጣ፣ ብርሃን ሲያገኝ እንደሚመለስ ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አሥር ደቂቃ። ስንት ሌሊት ሙሉ ስለ መርጫ አፍንጫ ሳነብ ያደርኩ ሰው ነኝ። ግማሹን ሸፍኖ ግማሹን ማስመታት ደግሞ ማንም ሊያስበው የሚገባ ፈተና ነው፤ ዲፕሎማ ያላቸው የሚሠሩት ዓይነት። አባቴ በፕላስተርና በልብስ ማስጫ ሠራው፤ እንዳየው ብሎም በየቀኑ እጄ የሚደርስበት ቦታ አስቀመጠው። አልጮኸብኝም፣ አልተከራከረኝም። አስቀመጠው ብቻ።

ጎንደር ዘጠኝ ዓመት ጠብቀናል። እውነተኛ አይሁድ መሆናችን እስኪጣራ ነው። የአያትህ እናት ማን ናት፣ ማን ይመሰክርልሃል፣ ወረቀቱ የት አለ። ከመጣን በኋላ ደግሞ ትምህርቱ፣ ፈተናው። በዚያ ዘጠኝ ዓመት አባቴ የካሚዮን ቀለም ቀቢ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር የማይለቅ ሰማያዊ ነበረው። እኔ እዚህ ሁለተኛ ክፍል ስገባ መምህሯ አባትሽ አገር ቤት ምን ይሠራ ነበር ብላ ጠየቀችኝ፣ «ቀለም» አልኩ፤ ሠዓሊ መሰላት፣ በክፍሉ ፊት አመሰገነችኝ፣ አላረምኳትም። ከዚያ ወዲህ ያን ሥራውን በአፌ አላነሳሁትም። ያንን ሁሉ ዓመት የፋቁትን ሰው፣ መፋቅ ሥራዬ የሆነ እኔ አንድ ቀን እንኳ ከሥርህ ምን አለ ብዬ አልጠየቅሁትም።

እሱ ከምኩራብ ከመመለሱ በፊት የመኪና ቁልፌን አንስቼ ገዴራ ሄድኩ።

ታሊ በሩን በቤት ጫማ ከፈተችልኝ። ሰንበት ሳይገባ ልመለስ ነው አልኳት፣ አልቀመጥም አልኩ፣ ቁራጩን ሰጠኋት። መስኮቱ አጠገብ ወስዳ አየችው። አገላበጠችው። ከዚያ ሰማያዊውን ግማሽ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው፣ አቧራ እንደሚጠርግ ሰው።

«ይኸውና» አለች።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ማማሰል አይደለም። ማማሰሉ ምንም አልነበረበትም። ሰኔ ላይ ነግሮኝ ነበር፣ ሳቅሁበት። ይህንንም ያደረገው እሱ ነው።»

«ማን?»

«ቢረሳው» ልል አፌን ከፈትኩ።

«አባቴ» አልኩ።

ታሊ መስኮቱን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «የትኛው አባትሽ? ያ ሽማግሌ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አባትሽ ነው» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ምን ስትቆጥር እንደነበር ፊቷ ላይ ታየኝ፦ ሐሙስ ቀን ማን የት እንደቆመ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ዝም እንዳለ። «እኔ እኮ እጁን ይዤ ምንም አይደለም አልኩት። እንደ ሕፃን። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ።»

ምላሴ ስለታም ነው እያሉ ያሙኛል፤ የዚያን ቀን ለአንድ ቃል አልሆነም።

«እኔ የአባቴን ቀለም ልፈልግ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት» አለች ታሊ። ቁራጩን በወረቀት ጠቅልላ መለሰችልኝ። በሩ ላይ፣ «ስሙን እንደገና ንገሪኝ» አለች። ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ደገመችው፣ በሁለተኛው ልክ መጣላት።

ሰንበቱን ሙሉ ለአባቴ ምንም አልተናገርኩም። አፈርኩ። እሱም በረንዳው ጠርዝ ባዶ መሆኑን አየ፤ ሳህኑን አቀበለኝ፣ ዳቦ ቆረሰልኝ።

እሑድ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ሥራ የሚጀመረው ከቁርስ በኋላ ነው። ሁሉም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ዳቦና ቲማቲም ይዞ ይቀመጣል። አባቴ ግን ከሐሙስ ወዲህ የግቢ ሰው ነው፤ ቁርሱን ሳይበላ የውሃ ጎማውን ይዞ ወጥቷል። ብረቱን ጠረጴዛው መሐል፣ ቲማቲሙ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ግራው የእኔ ነው፣ ቀኙ የታሊ አባት ቀለም ነው» አልኩ። «ሐሙስ ቀን ማማሰል አልነበረም። ቅመሙ የእኔ ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ እያወቅሁ ዝም አልኩ። የአባቴን ስም አጠፋሁ።»

ያሪቭ ዳቦውን አስቀመጠ። ብረቱን አነሳ፣ አየ፣ እንደገና አየ። «ይህን ማን ነው የሠራው?»

«እሱ። በርበሬ አሰጣ ያልኩት።»

ማንም አልሳቀም። ማኦር ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ወደ ሳህኑ አየ። ያሪቭ ጺሙን አከከ። «ከበዓላቱ በፊት ገላልጠን እንደገና እንረጫለን ማለት ነው» አለ። «ጊዜ የለንም። ማነው የሚቀምመው?»

«እሱ ያየዋል። እኔ አማስላለሁ።»

«ታዲያ ጥሪው።»

በሩ ድረስ ሄድኩ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ ከግንቡ ሥር ያለውን ዘይት በውሃ እየገፋ ነበር። ሁሉም ከኋላዬ ከጠረጴዛው ያየኛል።

«አባዬ» አልኩ።

አልዞረም። ውሃው ይጮህ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ብዙም አይጮህም ነበር።

«አባዬ።»

አልዞረም። አሁን ገባኝ። በዚያ ግቢ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ እዚያ እንዲህ የሚባል ሰው የለም። «ቢረሳው» ብለው በመጀመሪያው ይሰማኝ ነበር። አፌ ላይ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት። ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ፣ ጫማዬ ውሃ ገባው፣ ክንዱን ነካሁት።

ደንግጦ ዞረ። እኔን አየ፣ በእኔ ትከሻ ላይ አልፎ በሩ ላይ የቆመውን ያሪቭን አየ፣ ያንን የመሥሪያ ቤት ፈገግታውን አወጣ።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ በቀስታ።

ብዙ አዘጋጅቼ ነበር። ከገዴራ እስከ ቂርያት ማላኪ፣ ሰንበቱን ሙሉ፣ ቃል በቃል።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ። «ነገርኳቸው።»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ወረደ። ሥር ያለው ፊቱ ታየኝ፤ ደክሞታል፣ ተቆጥቷል፣ አዝኗል። ሁሉም የእኔ ነበር።

«ስታጠፊ አይቼሻለሁ» አለ። «ስትነግሪያቸው ደግሞ ልታሳዪኝ ነው የጠራሽኝ?»

«አይደለም። ቀለሙን እንድታይልን ነው።»

ጎማውን ከእጁ ወደ እጄ አዛወረው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ የፊቱን ውሃ በክንዱ ጠረገ፣ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ።

«ውሃው እየፈሰሰ ነው፣ ውብዳር» አለ ሳይዞር። «መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። ከግንቡ ሥር ነው የቀረው።»

ገባ። እኔ ከግንቡ ሥር ያለውን ዘይት መግፋት ጀመርኩ።